የራሳችሁን ሼል ቀይሩ፤ የሰርቨሩን ግን ተዉት

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ካለ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አሁን በየመሥሪያ ቤቱ "አይቲው" እየተባላችሁ ከፕሪንተር ወረቀት እስከ ሰርቨር ድረስ ብቻችሁን የተሸከማችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ሰሞኑን ቴሌግራምም ፌስቡክም ላይ አንድ ነገር በዝቷል። ልጆች ሊኑክስ ይጭናሉ (ጎሽ!)፣ ከዚያ ተርሚናላቸውን ያሳምራሉ፣ ከዚያ ስክሪንሾት ይለጥፋሉ። ቀለሙ፣ ጌጡ፣ ትዕዛዙን ጽፈው ሳይጨርሱ የሚሞላላቸው ነገር... ደስ ይላል። እኔም ላይክ አደርጋለሁ። ችግሩ ከሥር ያለው ኮሜንት ነው። አንዱ "እንዴት አደረግከው?" ሲል ሌላው ይመልስለታል፦ "የሩትንም ሼል ቀይረው፣ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሆንልሃል።" አንዳንዱማ ጭራሽ ቢን የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ኤስኤች ራሱን ወደሚወደው ሼል እንዲያዞር ይመክራል። በራስ መተማመኑ!

እኔ የምለው ይሄ ነው። የራሳችሁን ሼል እንደፈለጋችሁ ቀይሩ። የሩትን፣ ሰው የማይገባባቸውን የሰርቪስ አካውንቶች እና ቢን ኤስኤችን ግን አትንኩ። ስትቀይሩት ምንም አይሆንም፤ ለወራትም ምንም ላይሆን ይችላል። አፕግሬድ የምታደርጉ ቀን ነው ጉዱ የሚፈላው፤ ያን ቀን ደግሞ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ለማያውቀው ላስረዳ። ሼል ማለት የምትጽፉትን ትዕዛዝ ተቀብሎ፣ ፈትቶ፣ የሚመለከተውን ፕሮግራም የሚጠራ አስተርጓሚ ነው። ጥቁሩን መስኮት ስትከፍቱ የሚያናግራችሁ እሱ ነው። ታዲያ አንድ ብቻ አይደለም። በ1979 (ዓመቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ስቲቨን ቦርን የጻፈው ሼል ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር ወጣ፤ ኤስኤች የምንለው የሱ ነው። በዚያው ዘመን ቢል ጆይ ሲ ሼልን ሠራ፣ አጻጻፉን ወደ ሲ ቋንቋ አስጠግቶ። በ1989 ብራያን ፎክስ ባሽን አወጣ፤ ዛሬ ብዙው ሊኑክስ ሲከፈት የምታገኙት እሱን ነው። ከዚያ በ1990 ዚ ሼል መጣ፣ በ2005 ደግሞ ፊሽ። ዳሽ የሚባል ትንሽዬ፣ ጌጥ የሌለው ሼልም አለ፤ እሱን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ባሽ፣ ዚ ሼል እና ዳሽ የቦርን ዘሮች ናቸው። የቦርንን ቋንቋ በጋራ ይረዳሉ፣ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ የራሱን ጨምሯል። ይሄ የጋራ ቋንቋ ፖዚክስ በሚባለው ስታንዳርድ ላይ በ1992 በጽሑፍ ሰፍሯል። ሲ ሼልና ፊሽ ግን ሌላ ቤተሰብ ናቸው። አንዳንዱ ትዕዛዝ ይመሳሰላል እንጂ ሰዋስዉ ሌላ ነው።

ክፍል ውስጥ ይሄን ሳስረዳ የምጠቀመው ግዕዝና አማርኛን ነው። ግዕዝ ብቻ ለሚያውቅ ሰው የአማርኛ ደብዳቤ ስጡት። ፊደሉን አንድም ሳይስት ያነበንበዋል። "ቤት" ሲል ይገባዋል። ብዙ ቦታ ላይ ግን "ይሄን አላውቀውም" ብሎ ይቆማል። መቆሙስ ደግ! "ሀገር" የሚለው ጋ ሲደርስ ግን አይቆምም፤ በግዕዝ ሀገር ከተማ ማለትም ስለሆነ "ከተማ" ብሎ ተረድቶ ይቀጥላል። የሚያስፈራው እሱ ነው። ሼሎችም እንደዚያ ናቸው። ጮኸው ሲቆሙ አንድ ነገር ነው፤ ሳይጮኹ ሌላ ተረድተው ሲቀጥሉ ነው ቤት የሚፈርሰው።

አሁን ወደ ዋናው። ሼል ሁለት ሥራ አለው። አንዱ እናንተን ማናገር ነው። ሁለተኛው እናንተ ሳታዩት፣ ማታም ሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወይ አፕግሬድ ሲደረግ፣ የማሽኑን የውስጥ ሥራ መሥራት ነው። ስለ ሁለተኛው ማንም ስክሪንሾት አይለጥፍም።

ደቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ አንድ ፓኬጅ አፕግሬድ ሲደረግ ፋይል መገልበጥ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ከባድ ፓኬጅ የራሱን ትንንሽ ስክሪፕቶች ይዞ ይመጣል፦ ከመጫኑ በፊት የሚሠራ፣ ከተጫነ በኋላ የሚሠራ፣ አሮጌው ከመነሳቱ በፊት፣ ከተነሳ በኋላ። አካውንት የሚፈጥሩት፣ የድሮውን ሴቲንግ ወደ አዲሱ የሚያዛውሩት፣ ሰርቪሱን አጥፍተው የሚያበሩት እነዚህ ናቸው። የብዙዎቹ የመጀመሪያ መስመር "እኔን ቢን ኤስኤች ያንብበኝ" ይላል፣ እንደ ፖስታ አድራሻ። ከተጫነ በኋላ የሚሠራው ስክሪፕት "አልተሳካም" ብሎ ከወጣ፣ ዲፒኬጂ ፓኬጁን በግማሽ ተዋቅሮ የቀረ ብሎ ይመዘግበዋል። በሱ ላይ የተመሠረቱት ሌሎች ፓኬጆችም እሱን ይጠብቃሉ። አዲሱ ፋይል ገብቷል፣ ሴቲንጉ ግን አልተዛወረም። አሮጌም አይደል፣ አዲስም አይደል። መብራት በሚሄድበት፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር እንዲህ ሜዳ ላይ የቀረ ሰርቨር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የናንተ ሼል ምርጫ እዚህ የሚገባው በምን በኩል ነው? የማውቃቸው በሮች ሦስት ናቸው። አንዱ ቢን ኤስኤች ራሱ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሼል የሚጠቁም ሊንክ ብቻ ነው፤ ጠቋሚውን ካዞራችሁት ስክሪፕቱ ሁሉ ሌላ አንባቢ እጅ ይገባል። በሲ የተጻፉ ፕሮግራሞችም ሲስተም በሚለው ፈንክሽን ትዕዛዝ ሲያስኬዱ የሚጠሩት እሱኑ ነው። ሁለተኛው በር ኤስዩ የሚባለው ትዕዛዝ ነው። ስክሪፕት "እስቲ እንደ እገሌ አካውንት ሆነህ ይሄን ሥራ" ሲል፣ ኤስዩ የዚያን አካውንት ሼል ከፓስወድ ፋይሉ የመጨረሻ ዓምድ ላይ አንብቦ ትዕዛዙን ለሱ ይሰጠዋል። እዚያ ላይ ፊሽ ካለ፣ ለኤስኤች የተጻፈው ትዕዛዝ ለፊሽ ይደርሳል። ሦስተኛው ኤስኤስኤች ነው፤ ከሩቅ ትዕዛዝ ስትልኩ እዚያ የሚቀበለው የአካውንቱ ሼል ነው።

በዚህ በሁለተኛው በር የገባ አንድ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ጎበዝ ልጅ፣ ሥራ ከያዘ አራተኛ ወሩ ላይ ነበር። ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ በሥራ ሰዓት። የደንበኛ መመዝገቢያው አፕግሬድ መሃል ላይ ቆመብኝ።»

«ምን ይላል?»

«ያልተዋቀረ ፓኬጅ አለ ይላል። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ያው ነው።»

«እሱ ውጤቱ ነው። መጀመሪያ የጮኸው የቱ ነው? ወደ ላይ ውጣ።»

ወደ ላይ መውጣቱ ቀላል አልነበረም። ከጎኑ ኃላፊው ቆመዋል፣ ውጭ ደንበኛ ተሰልፏል፣ ምዝገባው በወረቀት ተጀምሯል። ልጁ ስልኩን ይዞ ሎጉን እያነበበልኝ ነው፣ መሃል ላይ ይቋረጣል፣ መልሶ ይደውላል። በመጨረሻ ያገኘው መስመር "&& የሚለውን አልደግፍም" የሚል ነበር። እኔ መጀመሪያ አላመንኩትም። እንዴ! ሁለቱን ኤንድ የማያውቅ ሼል የት አለ?

አለ። ሰርቨሩ ኡቡንቱ 18.04 ነው፣ እዚያ ላይ ያለው ፊሽ 2.7 ነው። ፊሽ && የሚለውን መቀበል የጀመረው ከ3.0 ጀምሮ ነው፣ እሱም የወጣው በ2018 መጨረሻ ላይ። ከልጁ በፊት የነበረው ሠራተኛ ፕሮግራሙ በሚሠራበት አካውንት በየቀኑ እየገባ ይሠራ ስለነበር፣ እንዲመቸው ብሎ የዚያን አካውንት ሼል ወደ ፊሽ ቀይሮታል። ከዚያ ሥራ ለቆ ሄዷል። ማስታወሻ የለ፣ ርክክብ የለ። የአዲሱ ቨርዥን ስክሪፕት ደግሞ "እንደዚህ አካውንት ሆነህ፣ እዚህ ፎልደር ግባ && ሠንጠረዦቹን አድስ" ይላል። ፊሽ አልገባኝም አለ፣ ስክሪፕቱ ወደቀ፣ ፓኬጁ ግማሽ ላይ ቀረ።

መፍትሔው? የአካውንቱን ሼል ወደ ባሽ መመለስ፣ ከዚያ ዲፒኬጂን "የቀረውን ሁሉ አዋቅር" ማለት። ሁለት ደቂቃ። ለማግኘት ግን አንድ ቀን ተኩል ፈጅቷል። ልጁ በማግስቱ "ለደረሰው መስተጓጎል ማብራሪያ እንዲያቀርብ" የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት "እኛ ጋ ይሠራል" አለ፤ እውነቱን ነው፣ እነሱ ጋ ፊሽ የለም። ማብራሪያውን እንዴት አድርጎ እንደጻፈው አልጠየቅኩትም። ስለ ሁለት ኤንድ ምልክት ለአስተዳደር ክፍል ማስረዳት በራሱ ፈተና ነው። እኔን የከነከነኝ ግን ልጁ በሌላ ሰው ምቾት ስሙ ሊጠፋ ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ጥፋቱ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ነው" ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ በአብዛኛው። በዚህ ላይ ከናንተ ጋር ነኝ። ኤስዩ ላይ "ሼሉ የፈለገ ይሁን፣ አንተ በቢን ኤስኤች አስኪደው" የሚል አማራጭ አለ፤ ኤስ በምትባል አንዲት ፊደል ይጻፋል። ድርጅቱ ያቺን ቢጽፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ሰው ቤት የሚገባ ሶፍትዌር "ቤቱ የኔን ቤት ይመስላል" ብሎ መገመት የለበትም። ግን ፍርዱ እዚያ ላይ አያበቃም። እናንተ የምታስተዳድሩት ማሽን ላይ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሰው የተጻፈ ስክሪፕት ይሮጣል። ሁሉም ጥንቁቅ እንዲሆን መጠበቅ ትችላላችሁ፤ አይሆኑም እንጂ። እንግዳ ቋንቋ ቤቱ ውስጥ ያስገባው ደግሞ ቤቱን የያዘው ሰው ነው።

የጸሐፊዎቹ ጥፋት ምን ያህል የቆየ መሆኑን ለማየት ወደ 2006 እንሂድ። ኡቡንቱ በዚያ ዓመት ጥቅምት በወጣው 6.10 ላይ ቢን ኤስኤችን ከባሽ ወደ ዳሽ አዞረው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ዳሽ። ምክንያቱ ፍጥነት ነው፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ብዙ ስክሪፕት ይሮጣል፣ ለእያንዳንዱ ትልቁን ባሽ ከመቀስቀስ ትንሹን ዳሽ መጥራት ይሻላል። በወረቀት ላይ ምንም መበላሸት አልነበረበትም። "ቢን ኤስኤች ያንብበኝ" ብሎ የፈረመ ስክሪፕት በጋራው ቋንቋ መጻፍ አለበት፣ ዳሽ ደግሞ የጋራውን ቋንቋ ያውቃል። ግን ሰው ለዓመታት ኤስኤች ብሎ እየፈረመ በባሽ ሲጽፍ ኖሯል። የሚያነበው ባሽ ስለነበር ማንም አላወቀበትም። አንባቢው ሲቀየር ሁሉም ተገለጠ። ስንት ስክሪፕት ወደቀ! ስንት ሰው ኡቡንቱን ተሳደበ! ደቢያን እያጠራ ቆይቶ ያንኑ ለውጥ በ6.0 አደረገ፣ የካቲት 2011 ላይ። ብዙ ተጠቃሚ ደግሞ በቁጣ ጠቋሚውን ወደ ባሽ መልሶ ተገላገለ፤ "ዳሽን እንደገና አዋቅር፣ ከዚያ አይ በል" የሚለው ምክር ዛሬም በድሮ መመሪያዎች ላይ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሁለት እኩል ኡቡንቱ የሚመስሉ ሰርቨሮች ሥር ሁለት የተለያዩ አንባቢዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ነው "ሀገር" እና "ከተማ" ያልኩት የሚመጣው። ባሽ ውስጥ ሁኔታ ለመፈተሽ [[ ብላችሁ በሁለት ቅንፍ መጻፍ ትችላላችሁ። ባሽ እንደ ራሱ ቋንቋ ያውቀዋል። ዳሽ ግን አያውቀውም፤ ስለዚህ [[ የሚባል ፕሮግራም ያለ ይመስለውና ሊጠራው ይሄዳል። አያገኘውም። "አልተገኘም" ብሎ አንዲት መስመር ይጽፋል። ከዚያ ይቆማል ብላችሁ ታስባላችሁ አይደል? አይቆምም! ትዕዛዙ የተጻፈው "ከሆነ" በሚለው ሥር ስለሆነ፣ አለመገኘቱን "መልሱ አይደለም ነው" ብሎ ይወስደዋል። ወደ "ካልሆነ" ይሻገራል።

አሁን ስክሪፕቱ እንዲህ ይላል እንበል፦ የድሮው ዳታቤዝ ካለ ወደ አዲሱ አዛውር፤ ከሌለ አዲስ ባዶ ፍጠር። ዳታቤዙ አለ። ዳሽ ግን ጥያቄውን ስላልተረዳ "የለም" አለ። ባዶ ፈጠረ። በመጨረሻም "ተሳክቷል" ብሎ ወጣ። ዲፒኬጂ ደስ ብሎታል፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ነገር የለም፣ እናንተ ወደ ቤታችሁ ሄዳችኋል። ጠዋት ሠራተኛው ሲከፍተው የአምስት ዓመት መዝገብ ባዶ ነው። እኔ መሃል ላይ ቆሞ የሚጮህ አፕግሬድ ይሻለኛል፣ ሺህ ጊዜ።

(በነገራችን ላይ አንድ ቅንፍ ውስጥ ሁለት እኩል ይሆናል ምልክት መጻፍም እንደዚሁ ነው። ባሽ ይቀበላል፣ ዳሽ አይቀበልም፣ "ከሆነ" ሥር ካለ ያው "አይደለም" ብሎ ይቀጥላል። ስታንዳርዱ አንድ እኩል ምልክት ብቻ ነው። ሌሎች ቋንቋዎችን የተማራችሁ እጃችሁ በልማድ ሁለት ይጽፋል፤ ተጠንቀቁ።)

ታዲያ ኡቡንቱ ተሳስቷል ወይ? እኔ አልተሳሳተም ባይ ነኝ። በመስከረም 2014 ሼልሾክ የተባለው የባሽ ቀዳዳ ሲገለጥ፣ ቢን ኤስኤቻቸው ዳሽ የሆኑ ሰርቨሮች ከሌሎቹ ያነሰ ተጋልጠው ተገኙ፤ ብዙ ፕሮግራም በጀርባ የሚጠራው ባሽን አልነበረማ። ግን ልብ በሉ፣ ኡቡንቱ የነካው ለሁሉም በአንድ ጊዜ፣ የራሱን ፓኬጆች እያስተካከለ ነው። እናንተ አንድ ሰርቨር ላይ ለብቻችሁ ስትቀይሩት ግን የሚከተላችሁ የለም። የዓለም ስክሪፕት ሁሉ እዚያች ማሽን ላይ ሲመጣ እናንተ ብቻ ናችሁ የምትጠብቁት።

አፕል ያደረገውን እዩ። በ2019 ካታሊና በሚለው እትም የተጠቃሚውን ሼል ከባሽ ወደ ዚ ሼል ቀየረ። ባሹ በፈቃድ ጉዳይ ምክንያት 3.2 ላይ የቀረ፣ የ2006–2007 ዘመን ሽማግሌ ነበር። ሲቀይር ግን የቀየረው ሰውን የሚያናግረውን ነው፤ ቢን ኤስኤችን ዚ ሼል አላደረገውም። እኔ የምለውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ፍሪቢኤስዲዎች ደግሞ ለዚህ ነገር የቆየ ዘዴ አላቸው። ሩት አለ፣ ከጎኑ "ቶር" የሚባል አካውንት አለ፦ ሩት የሚለው በእንግሊዝኛ ፊደሉ ተገልብጦ ሲጻፍ። ሥልጣኑ እኩል ነው። ዓላማው የሚገርም ነው፦ በሌላ ሼል መሥራት ካማራችሁ በቶር ግቡ፣ የሩትን ግን ተዉት። ለምን መሰላችሁ? በኋላ የተጫነ ሼል የሚቀመጠው ከመሠረታዊው ሲስተም ውጭ ነው። አንድ ቀን አፕግሬድ መሃል ላይ ያ ሼል የሚፈልገው ላይብረሪ ቢጠፋ፣ ወይ ያለበት ዲስክ አልከፈት ቢል፣ ሩት ሆኖ መግባት አይቻልም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መውጣት ነው። የነሱ ሩት ራሱ ለብዙ ዓመት ሲ ሼል ነበር። ከመመሪያ ላይ የተለመደውን 2>&1 ገልብጦ የለጠፈ ሁሉ "አቅጣጫው ግልጽ አይደለም" የሚል መልስ ያገኝ ነበር፤ ሲ ሼል ይሄን አጻጻፍ አያውቅም። በኅዳር 2023 በወጣው 14.0 ላይ የሩትን ሼል ኤስኤች አደረጉት። ያን ሁሉ ዘመን ቆይተው!

እሺ፣ ምን እናድርግ ለምትሉ። ፊሽ ወይም ዚ ሼል ከወደዳችሁ መጀመሪያ ሲኤች ኤስኤች በሚለው ትዕዛዝ ሼላችሁን ለመቀየር አትቸኩሉ። የተርሚናል ፕሮግራማችሁ ሴቲንግ ውስጥ "ሲከፈት ይሄን ትዕዛዝ አስኪድ" የሚል ቦታ አብዛኛው ላይ አለ። እዚያ ፊሽን ጻፉ። መስኮቱን ስትከፍቱ ፊሽ ይመጣል፣ የፓስወድ ፋይሉ ግን አልተነካም፣ ከጀርባ የሚሠራው ሁሉ እንደነበረ ነው። በቃ፣ ጌጡም አለ፣ ሰላሙም አለ።

አዲስ መሥሪያ ቤት ገብታችሁ ሰርቨር ስትረከቡ፣ ከፊርማችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ኢቲሲ ውስጥ ያለውን የፓስወድ ፋይል ከፍታችሁ የእያንዳንዱን መስመር የመጨረሻ ዓምድ አንብቡ፤ ሩት ላይና ሰርቪስ አካውንቶች ላይ ያልተለመደ ስም ካለ ጻፉት፣ በርክክብ ወረቀቱ ላይ ይግባ። ከዚያ ቢን ኤስኤች ወዴት እንደሚጠቁም እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ የማብራሪያ ደብዳቤ ግን ያስቀራል። አፕግሬድ ከማድረጋችሁ በፊት ባክአፕ ውሰዱ፣ ከተቻለም በኮፒው ላይ ሞክሩት። ካለቀ በኋላ ደግሞ "ተሳክቷል" የሚለውን አይታችሁ አትሂዱ፤ ቫር ሎግ ሥር አፕት ፎልደር ውስጥ ያለውን የተርም ሎግ ከፍታችሁ "አልተገኘም" እና "ያልተጠበቀ" የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ፈልጉባቸው። ያቺ ብቸኛ መስመር እዚያ ትኖራለች።

ስክሪፕት የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዋ መስመር ላይ እውነቱን ጻፉ። በባሽ ከጻፋችሁ ባሽ በሉ፣ ማንም አይስቅባችሁም። ኤስኤች ካላችሁ በኤስኤች ጻፉ። ሼል ቼክ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፣ ደቢያኖች ደግሞ ቼክ ባሺዝምስ የሚባል አላቸው፤ ሁለቱም ኤስኤች ብሎ ፈርሞ በባሽ የተጻፈውን መስመር በመስመር ያወጡላችኋል።

አሁን ስለ ራሳችን ሙያ ትንሽ ልማረር። ክፍል ውስጥ "ሼል ሶፍትዌር ነው ወይስ ሃርድዌር?" ብለን በምርጫ እንፈትናለን። ልጁ ሶፍትዌር ብሎ ያከብባል፣ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ ሼል አይቶ አያውቅም። ላቦራቶሪ ካለም ለሃምሳ ተማሪ የሚነሱት ኮምፒውተሮች ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ላይ የምናስተምረው ሜኑ መክፈት ነው። ልጁ የቀረውን ከቪዲዮ ይማራል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የራሱ ላፕቶፕ ላይ ነው የሚጫወተው፤ ቢበላሽበት እንደገና ይጭናል፣ ለሱ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። የኛ ልጅ ያንኑ ትዕዛዝ ወስዶ ሰው ደመወዝ የሚከፈልበት ሰርቨር ላይ ይጽፈዋል። "ይሄ ለላፕቶፕ ነው፣ ይሄ ለሰርቨር ነው" የሚለውን ልዩነት የነገረው የለም። ያንን መንገር የኛ የአስተማሪዎች ሥራ ነው፤ ኮምፒውተር ባይኖር እንኳ ሰሌዳ ላይ ይቻላል። እኔ የመጀመሪያዋን መስመርና የፓስወድ ፋይሉን የመጨረሻ ዓምድ በጠመኔ ነው የማስተምረው፣ ይገባቸዋል።

ውጭ ያላችሁ፣ ትልልቅ ቦታ የምትሠሩ ልጆቼ "ቲቸር፣ አሁን ሁሉም በኮንቴይነር ነው፣ ይሄ ያረጀ ወሬ ነው" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይሁን። ግን ብዙ ትንንሽ ኮንቴይነሮች ውስጥ ያለው አልፓይን ሊኑክስ ነው፣ እዚያም ባሽ ካልጫናችሁት የለም፤ ኤስኤች ሆኖ የሚሠራው ቢዚቦክስ ውስጥ ያለው ትንሹ ሼል ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ የሮጠው ስክሪፕት እዚያ ገብቶ "አልተገኘም" ሲል ያየ ካለ ይመስክር።

እስቲ ዛሬ ሥራ ቦታ ያላችሁ ፓስወድ ፋይሉን ክፈቱና የሩት መስመር ላይ መጨረሻው ምን እንደሚል ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የሼሉን ስም ብቻ፤ የመሥሪያ ቤታችሁን ስም እንዳትጽፉ። ፊሽ ወይም ሲ ሼል ያገኘ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ከአፕግሬዱ በፊት እንየው።